ማስለቀቂያ እና ቤዛ፦ «ዘ ራንሰምዌር ሃንቲንግ ቲም» ሲነበብ

አማርኛ ለፈረንጆቹ «ራንሰም» ሁለት ቃል አለው። አንዱ «ማስለቀቂያ» ነው፤ የታገተን ለማስፈታት ለአጋቹ የሚቆጠር ገንዘብ። ሌላው «ቤዛ» ነው፤ በሌላው ፈንታ የሚሰጥ፣ ሌላው ነፃ እንዲወጣ ራሱ የሚከፍል። የመጀመሪያውን ከዜና፣ ሁለተኛውን ከቤተ ክርስቲያንና ከአርበኞች ታሪክ እናውቀዋለን። አንዱ ለአጋች የሚሰጥ ነው፣ ሌላኛው ለታጋች። የሬኔ ዱድሊን እና የዳንኤል ጎልደንን «ዘ ራንሰምዌር ሃንቲንግ ቲም» ሳነብ ከሐሳቤ ያልወጣው ይሄ ልዩነት ነው።

ደራሲዎቹ «ፕሮፐብሊካ» በተባለው የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም የሠሩ ጋዜጠኞች ናቸው። መጽሐፉ በ2022 ታተመ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሱን ወደ አማርኛ ልመልስ ብል «የራንሰምዌር አዳኝ ቡድን» ነው የምለው። እዚህ ጋ ቋንቋችን ሳንጠይቀው አንድ ነገር ይሰጠናል። «አዳኝ» ውስጥ ያለችው «ዳ» ጠብቃ ከተነበበች ጦር ይዞ አውሬ የሚከተል ሰው ነው፤ ላልታ ከተነበበች ከሞት የሚያተርፍ። ደራሲዎቹ ርዕሱን የጻፉት አጥብቀው ነው። ንዑስ ርዕሱም ቡድኑ ዓለምን ከሳይበር ወንጀል ለማዳን ስላካሄደው ዘመቻ ነው የሚያወራው፤ ዘመቻ፣ ውጊያ፣ አደን። የእኔ ክርክር መጽሐፉ ላልቶ ቢነበብ ይበልጥ እውነት ይሆናል የሚል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ትልቁ ሥራቸው ወንጀለኛ መያዝ አይደለም። የሰውን ፋይል መመለስ ነው።

የመጀመሪያው ፍሎፒ

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ራንሰምዌር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ፋይሎችን በምስጠራ የሚቆልፍና ለቁልፉ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ አልጠፋም፤ እዚያው ተቀምጧል፣ መጠኑም ያው ነው ማለት ይቻላል። ሲከፍቱት ግን ትርጉም የለውም። ሌባ ዕቃ ይዞ ይሄዳል፤ ይሄኛው ዕቃችሁን እቤታችሁ ውስጥ አስሮ በር ላይ ወረቀት ይለጥፋል።

መጽሐፉ ታሪኩን ወደ 1989 ወስዶ መጀመሩን ወድጄለታለሁ። ጆሴፍ ፖፕ የተባለ፣ ሃርቫርድ የተማረ የሥነ ሕይወት ምሁር 20 ሺህ ገደማ ፍሎፒ ዲስኮችን በፖስታ ላከ። ከተቀባዮቹ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው የኤድስ ጉባኤ የተሳተፉ ሰዎች ነበሩ። ዲስኩ ስለ ኤድስ መረጃ የሚሰጥ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ዘጠና ጊዜ ያህል ከተነሳ በኋላ ግን የፋይሎቹን ስሞች መስጥሮ፣ ፓናማ ውስጥ ወዳለ የፖስታ ሣጥን ቁጥር 189 ዶላር እንዲላክ ይጠይቃል።

ብዙ ጊዜ ፖፕ ብቻውን ነው የሚታወሰው። ጂም ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ ግን ፕሮግራሙን ፈታቶ አየው። የሚያጸዳ አንድ፣ ፋይሎቹን የሚመልስ ሌላ ፕሮግራም ጻፈና ለጠየቀው ሁሉ በነፃ አደለ። እንዴት ቻለ? ፖፕ የተጠቀመው መቆለፊያ የሚቆልፈውም የሚከፍተውም በአንድ ዓይነት ቁልፍ ስለነበረና ያ ቁልፍ እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ስለተቀመጠ። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ምንጣፍ ሥር እንደ መተው በሉት። እንግዲህ የመጀመሪያው ማስለቀቂያ ጠያቂና የመጀመሪያው ነፃ መፍቻ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

በ1996 አዳም ያንግ እና ሞቲ ዩንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የምንጣፉን ቀዳዳ እንዴት መድፈን እንደሚቻል በጥናት አሳዩ። አንዱ ቁልፍ መቆለፍ ብቻ ይችላል፤ የሚከፍተው ሌላ ነው፣ እሱም ከአጥቂው እጅ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በሙሉ፣ ወንጀለኞች ይህን ትምህርት በደንብ ተምረዋል ወይስ አልተማሩም የሚል ፈተና ነው ማለት ይቻላል።

ማንም መቆለፊያውን አይሰብርም

መጽሐፉ ሰዎቹ ላይ ሲደርስ ይቆያል፤ ሥራቸው ላይ ሲደርስ ግን ቸኮል ይላል። ጋዜጠኞች ስለሆኑ ይገባኛል። ኮድ ጽፎ ለሚያድር ሰው ግን ድራማው ያለው እዚያ ነው። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ሲነሳ እነዚህ ልጆች ምስጠራውን በጭንቅላታቸው ኃይል የሚሰብሩ ይመስለዋል። አይሰብሩም። በትክክል የተሠራን ምስጠራ ማንም አይሰብርም፤ ባንኩም የእኛም ስልክ የሚያድረው በዚሁ ተማምኖ ነው። ነፃ መፍቻ የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው፤ ወይ ቆላፊው ተሳስቷል፣ ወይ ፖሊስ ቁልፉን ከሰርቨሩ ላይ ወስዷል፣ ወይ ራሱ ወንጀለኛው ቁልፉን ትቶታል፣ ወይ ደግሞ ቆላፊው ቸኩሎ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ አልቆለፈውም።

ስለ ስህተቱ አንድ ምሳሌ። በ2015 የሊኑክስ ሰርቨሮችን የሚቆልፍ ራንሰምዌር ወጣ። ቁልፉን የሚሠራው በዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ ዘፈቀደውን የሚያስጀምረው ግን በኮምፒውተሩ ሰዓት ነበር። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሁሉ አንደኛ ዓመት ላይ ይህን መስመር ጽፎታል፤ ቁጥር የሚያስገምት ጨዋታ ስንሠራ። ሰዓቱ ከታወቀ «ዘፈቀደው» ዘፈቀደ አይደለም፤ እንደገና ማስላት ይቻላል። ሰዓቱስ የት ይገኛል? ፋይሉ መጨረሻ የተቀየረበት ሰዓት ተብሎ እያንዳንዱ የተቆለፈ ፋይል ላይ ተጽፏል! ቢትዲፌንደር የተባለው የሮማንያ ኩባንያ ይህን አይቶ ነፃ መፍቻ አወጣ።

ሌላ ምሳሌ። በግንቦት 2017 «ዋናክራይ» ዓለምን ሲያዳርስ፣ አድሪየን ጊኔ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በአሮጌ ዊንዶውሶች ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። ቁልፉ የተሠራባቸው ቁጥሮች ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ወዲያው አይጠፉም። ስለዚህ ማሽኑ ካልጠፋ ቁልፉን መልሶ መሥራት ይቻል ነበር። ማሽኑ ካልጠፋ! ኮምፒውተር ሲበላሽ ሁላችንም የምንሰጠው የመጀመሪያ ምክር ምንድነው? «አጥፍተህ አብራው።» ያን ጊዜ በዚያች አንዲት ምክር ብቻ ስንት ፋይል እንደ ተቆለፈ እንደቀረ አስቡት።

ወንጀለኛው ራሱ ቁልፉን የተወበት ጊዜም አለ። በ2016 የ«ቴስላክሪፕት» ሰዎች ሥራቸውን ሲዘጉ፣ የኢሴት ኩባንያ ተመራማሪ ዋናውን ቁልፍ ስጡን ብሎ ጠየቀ፤ ሰጡት፣ ይቅርታም ጨመሩበት። በ2018 ደግሞ አንድ ሶሪያዊ አባት የሞቱ ልጆቹ ፎቶ በ«ጋንድክራብ» እንደተቆለፈበት በትዊተር ጻፈ። ወንጀለኞቹ የሶሪያ ተጎጂዎችን ቁልፎች በሙሉ ለቀቁ፤ መፍቻ ሠሪዎችም ወደ ነፃ መሣሪያ ቀየሩት። ይህን ታሪክ ደግ ሌባ አለ ለማለት የሚያነሱት አሉ። እኔ ግን ያን ያህል አይዋጥልኝም። የአባትየው ለቅሶ በትዊተር ስለ ታየ ተሰማ። በዚያው ሳምንት ሌላ አገር ያለ፣ ትዊተር የሌለው አባትም ፎቶ ነበረው። የአጋች ምሕረት ለታየለት ብቻ ነው።

ከኖርማል የመጣው ልጅ

የመጽሐፉ ልብ ማይክል ጊሌስፒ ነው። ኢሊኖይ ግዛት፣ ኖርማል በምትባል ከተማ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። በ2016 «አይዲ ራንሰምዌር» የተባለውን አገልግሎት በነፃ ከፈተ። የተቆለፈ ናሙና ፋይልና ወንጀለኞቹ የተዉትን ማስታወሻ ትሰጡታላችሁ፤ የያዛችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ መፍቻ እንዳለውና እንደሌለው ይነግራችኋል። ሌላው ዋና ሰው ፋቢያን ዎሳር ነው፤ በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ያደገ፣ ኢምሲሶፍት ለተባለው ኩባንያ የሚሠራ። ወንጀለኞች ከመጥላታቸው የተነሳ ኮዳቸው ውስጥ ስድብ ይጽፉለታል። እንዲያውም አንዱን ራንሰምዌር በስሙ ሰይመውበታል። እሱም ለደኅንነቱ ሲል አገሩን ለቆ እንግሊዝ ገባ፤ አድራሻውን አይናገርም።

የደራሲዎቹ ብቃት እዚህ ላይ ይታያል። ጊሌስፒ መፍቻዎቹን ሲጽፍ ራሱ ዕዳ ነበረበት፤ የፊኛ ካንሰርም ታመመ፤ ማታ ማታ ግን የማያውቀውን ሰው ፋይል ይፈታል። ኤፍቢአይ በ2017 የማኅበረሰብ አመራር ሽልማት ሰጠው። ይህን በሚገባ ይተርኩታል፣ ሳያለቃቅሱ።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ታሪኩ የጀግና ታሪክ ሲሆን አንድ ከባድ ጥያቄ ይሸፈናል። ከሆስፒታል እስከ ከተማ አስተዳደር የሚሸከም ሥራ በአንድ የታመመ የጥገና ሠራተኛ ማታ ላይ ለምን ወደቀ? በዚያው ጊዜ «ፋይላችሁን በራሳችን ቴክኖሎጂ እንመልሳለን» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ፣ በጓዳ ግን ለወንጀለኞቹ ማስለቀቂያውን የሚከፍሉ ድርጅቶች ነበሩ፤ ይህን በ2019 ያጋለጠው ራሱ ፕሮፐብሊካ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። በነፃ የሠራው ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ሳይሠራ የከፈለው አተረፈ። መጽሐፉ ሁለቱንም ያውቃል። ግን የመጀመሪያውን ሲያደንቅ ሁለተኛውን እንደ ማፈሪያ ብቻ ያየዋል። ለእኔ የአንድ ገበያ ሁለት ፊቶች ናቸው፤ በጎ ፈቃድ ያለበት ቦታ ሁሉ ደመወዝ መክፈል ያለበት አካል ይደበቅበታል። እኛ አገር ደግሞ ይሄን ነገር በደንብ እናውቀዋለን፤ ሠፈር ውስጥ «ኮምፒውተር ይችላል» የተባለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

መናገር ወይስ ዝም ማለት

የመጽሐፉ ትልቁ ክርክር፣ ደራሲዎቹም በጋዜጠኝነታቸው ቀድመው ያነሱት፣ የ«ዳርክሳይድ» ጉዳይ ነው። ዎሳርና ጊሌስፒ በዚህ ራንሰምዌር ውስጥ ስህተት አግኝተው ተጎጂዎችን በዝምታ መርዳት ጀምረው ነበር። በጥር 2021 ቢትዲፌንደር ስህተቱን ለብቻው አገኘና ነፃ መፍቻ አወጣሁ ብሎ ለዓለም አወጀ። ወዲያው ዳርክሳይዶች ስለ ጠቆማችሁን እናመሰግናለን ብለው አላገጡ፣ ስህተቱንም ደፈኑ። በግንቦት «ኮሎኒያል ፓይፕላይን» ተመታ፤ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የነዳጅ አቅርቦት ተስተጓጎለ፤ ኩባንያው 75 ቢትኮይን፣ ያኔ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ።

የደራሲዎቹ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ለዝና ሲባል የተነገረ መፍቻ ወንጀለኛውን ያስተምራል። ኩባንያው ደግሞ ብዙው ተጎጂ ትክክለኛውን ሰው ስለማያውቅ መፍቻ መኖሩን የሚሰማው ሲነገር ብቻ ነው ብሎ ተከራክሯል። መጽሐፉ ይህን መልስ ከምር የወሰደው አይመስለኝም። እኔ ግን እወስደዋለሁ፤ ምክንያቱም የምኖረው ትክክለኛው ሰው በማይታወቅበት ከተማ ነው። ዝምታ የሚጠቅመው መስመር ላለው ነው። ጠበቃ፣ ኢንሹራንስ፣ የደኅንነት አማካሪ ያለው ኩባንያ በሁለት ስልክ ዎሳር ጋ ይደርሳል። ሜክሲኮ አካባቢ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቶ የሰው ሒሳብ በፒችትሪ የሚሠራ አካውንታንት ለማን ይደውላል?

ስለዚህ «መናገር ወይስ ዝም ማለት» ለሁሉም አንድ መልስ የለውም። ትልልቅ ኩባንያ እየመረጠ ለሚመታ ወንበዴ ዝምታው ልክ ነው፤ ተጎጂዎቹ ጥቂትና ተደራሽ ናቸው። ያገኘውን ሁሉ ለሚቆልፍ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ መፍቻ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

በክራክ የሚመጣው

ያገኘውን ሁሉ የሚቆልፈው ማን ነው? «ስቶፕ»፣ በሌላ ስሙ «ዲጄቩ» የሚባለው ነው። ተራውን ሰው በማጥቃት የሚስተካከለው አልነበረም። መንገዱ ክራክ ነው። ፎቶሾፕን፣ ዊንዶውስን፣ ኦፊስን ያለ ክፍያ የሚያስከፍት ትንሽ ፕሮግራም ትጭናላችሁ፤ አብሮ ይገባል። እዚህ ጋ ሰውን «ለምን ኦሪጅናል አልገዛህም» ብሎ መውቀስ ይቀላል። ዶላር የሚከፍል ካርድ በሌለው ሰው ላይ መፍረድ ግን አይሆንልኝም። ሠርግ የሚያነሳው ቪዲዮ ቤት፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጨርስ ተማሪ፣ ያ አካውንታንት፣ ሁሉም የሚሠሩት በክራክ ነው።

ማስታወሻው ራሱ ሊነበብ የሚገባው ጽሑፍ ነው። አትጨነቁ ብሎ ይጀምራል። ዋጋው 980 ዶላር ነበር፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገራችሁን ግን በግማሽ ቅናሽ፣ 490። እንድታምኑን አንድ ፋይል በነፃ እንፈታላችኋለን። አያስፈራራም፣ አይሳደብም። የሱቅ ነጋዴ አፍ ነው፤ ቅናሽ፣ ናሙና፣ የጊዜ ገደብ። ዱድሊና ጎልደን ወንጀለኞቹን እንደ ድርጅት ማሳየታቸው ጥሩ ነው፤ የድርጅትነታቸው ማስረጃ ግን ይህች አንድ ገጽ ናት።

መጽሐፉ የሚያተኩረው አሜሪካና አውሮፓ ላይ በመሆኑ የዚህ ዓይነቱ ተጎጂ ብዙም ቦታ አላገኘም። የሚያሳዝነው፣ ነፃ መፍቻ ምን ማለት እንደሆነ የሚታየው በስቶፕ ላይ መሆኑ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን ሲይዝ ወደ ወንጀለኞቹ ሰርቨር ደውሎ ለዚያ ተጎጂ ብቻ የሚሆን ቁልፍ ያመጣል። ሰርቨሩን ካላገኘው ግን ውስጡ በተቀመጠ አንድ የጋራ ቁልፍ ይቆልፋል። በጋራው ቁልፍ ከተቆለፈ የተጎጂው መለያ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ቲ» እና «1» አለበት። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያች ደቂቃ ኔትወርክ ከጠፋ ዕድለኛ ናችሁ። ስንት ጊዜ የተራገመው የኢንተርኔት መቆራረጥ አንድ ቀን ፋይል የሚያድንበት አጋጣሚ ይኸው።

በጥቅምት 2019 ኢምሲሶፍት ጊሌስፒ የሠራበትን መፍቻ ለ148 የስቶፕ ዓይነቶች አወጣ፤ በግልጽ፣ ለሁሉም። ወንጀለኞቹ ከሁለት ወር ገደማ በፊት አሠራራቸውን ስለቀየሩ የሚሰወር ነገር አልነበረም። የዳርክሳይዱ ክርክር መልስ እዚሁ ቡድን እጅ ላይ ነበር፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ ለቀሩት ጮክ ብሎ መናገር። ከዚያ በኋላ ለመጡት ዓይነቶች ደግሞ ሌላ መንገድ ቀረ። አንድ ሰው በጋራው ቁልፍ ተቆልፎበት ማስለቀቂያውን ከፍሎ ቁልፉን ቢያገኝና ለመፍቻ ሠሪዎቹ ቢልከው፣ በዚያው ቁልፍ የተቆለፈበት ሁሉ በነፃ ይፈታል።

ቆላፊው ቸኩሎ የሚተወውም ነገር አለ። ስቶፕ ከፋይሉ የሚቆልፈው መጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ብቻ ነው። ለደብዳቤ ያ ሙሉ ፋይሉ ነው። ለሁለት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ግን ከጫፉ የተቀደደች ቅንጣት ናት፤ በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ሌላ ደህና ቪዲዮ ካለ፣ እሱን መነሻ አድርጎ ቀሪውን የሚጠግን ነፃ መሣሪያ አለ።

ይህ ሁሉ ዕድል እኛ ጋ በአንዲት ቃል ይጠፋል፦ «ፎርማት»። ጥገና ቤት ሲወሰድ «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት እናድርገው» ይባላል፤ ይደረጋል። ቫይረሱ አልበላውም እኮ! ቆልፎታል። የተቆለፈው ፋይል ከጠፋ ነገ የሚመጣ ቁልፍ የሚከፍተው ነገር የለም። መደረግ ያለበት ቀላል ነው። የተቆለፉትን ፋይሎች ከነማስታወሻው ወደ ሌላ ሀርድ ዲስክ መገልበጥ። ከዚያ ማሽኑን ማጽዳት፤ ሳይጸዳ ቢፈታ እንደገና ይቆልፋል። ዓይነቱን መለየት። መፍቻውን በ2016 የሆላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር ከከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» ወይም በስም ከሚታወቅ ኩባንያ ብቻ መውሰድ፤ በ2020 የስቶፕ መፍቻ መስሎ የተሠራጨ፣ የተቆለፈውን ደግሞ የሚቆልፍ ሐሰተኛ ፕሮግራም ነበርና። ዛሬ መፍቻ ከሌለ ዲስኩን ማስቀመጥና በየጊዜው ማየት። ለብዙዎች መፍቻው ፈጽሞ አይመጣም፤ ይህን መደበቅ ተስፋ መሸጥ ይሆናል። የጠፋ ፋይል ግን ሲመጣም አይጠቅመውም።

መጽሐፉን አንብቡት። ሰዎቹ ይወደዳሉ፣ ትረካው ይፈሳል፣ ዘመናችንንም ያስረዳል። ስታነቡት ግን «ዳ»ን አላልታችሁ አንብቡ፤ ከጀግኖቹ ጀርባም ስም የሌላቸውን ፈልጉ። እኔ ከሁሉም በላይ የማስበው አንድ ምዕራፍ ያልተሰጠውን ሰው ነው። የሆነ አገር፣ የሆነ ቤት ውስጥ 490 ዶላር ለሌባ ከፍሎ ፋይሉን ያስመለሰው ሰው። ጉዳዩ አልቋል፤ ዘግቶ መሄድ ይችላል። እሱ ግን የሰጡትን ቁልፍ ለመፍቻ ሠሪዎቹ ይልካል። የከፈለው ማስለቀቂያ ነበር። የላከው ግን ለማያውቃቸው ሁሉ ቤዛ ሆነ።